የቀድሞ ተማሪ ማለት ማን ነው?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

ክቡር የእድራችን ሰብሳቢ፣ ክቡራን የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባላት፣ የተከበራችሁ እድርተኞች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንዲሁም ከጀሞ፣ ከየካ አባዶና ከቦሌ አራብሳ በጠዋት ተሳፍራችሁ የመጣችሁ የቀድሞ ጎረቤቶቻችን፤

በዓመቱ ውስጥ ያረፉትን አባሎቻችንን ነፍስ ይማር፤ ለቀሩት ቤተሰቦች ፈጣሪ መጽናናቱን ይስጥልን።

ከሒሳብ ሪፖርቱ ቀጥሎ ጥቂት ደቂቃ ስለሰጠን ኮሚቴውን እናመሰግናለን። ዛሬ የምንናገረው ስለ ቀብር አይደለም፤ ስለ ድንኳንና ስለ ድስትም አይደለም። የምንናገረው ስለ ትምህርት ቤት ነው። በተለይም የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ስለሚባለው ነገር፣ ሰው ለተማረበት ቤት ስላለበት ውለታ፣ እኛም የዚህ ሰፈር ሰዎች ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ምን ልናደርግ እንደምንችል ነው። «ይህ ለእድር ምኑ ነው?» የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ ኋላ እንመጣበታለን። እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የጨረስን ጡረተኛ ስለሆንን ንግግራችን የሊቅ ንግግር አይደለም፤ እንደ ፋይል ገጽ በገጽ የሚሄድ ነው።

ስመ ጥሮቹ ትምህርት ቤቶች

በአገራችን የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ሲነሣ ፈጥኖ ትዝ የሚለን የትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ስም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 ተከፈተ፤ የመጀመሪያዎቹ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከተለ። ከጠላት ወረራ በኋላም በ1935 ዓ.ም. የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጄኔራል ዊንጌት ተከፈቱ። ከነዚህ ቤቶች ሚኒስትሮች፣ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና ደራሲዎች ወጥተዋል። ከተማሪዎቹም አዳሪ የነበሩት አብረው በልተው አብረው ተኝተው ስላደጉ ፍቅራቸው የወንድማማች ፍቅር ነው። አንዱ ሲታመም ሌላው ይጠይቃል፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ከሬሳው አይለይም።

ይህ ፍቅር ባሕር ተሻግሮም አልጠፋም። በሰሜን አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በ1976 ዓ.ም. ያቋቋሙት የስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ የእግር ኳስ ውድድር ያዘጋጃል። ወደዚያ ውድድር የሚሄደው ሕዝብ ሁሉ ኳስ ለማየት ብቻ የሚሄድ አይደለም። በዚያ ሳምንት የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ይፈላለጋሉ፤ ሠላሳና አርባ ዓመት ያልተያዩ ሰዎች በቅጽል ስማቸው ይጠራራሉ። ሽበቱን አልፎ ልጅነቱን የሚያውቅልህ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ደግሞ ይህ ፍቅር የስም ለውጥንም ችሎ አልፏል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተፈሪ መኮንን «እንጦጦ»፣ እቴጌ መነን ደግሞ «የካቲት 12» ተባሉ። የአንድ ግቢ ልጆች ሆነው አባት በአሮጌው ስም፣ ልጅ በአዲሱ ስም የሚጠራበት ዘመን መጣ። ያም ሆኖ ዛፉ ያው ዛፍ፣ ደረጃውም ያው ደረጃ ነው። የትምህርት ቤት ፍቅር በበሩ ላይ ከተጻፈው ስም ይልቅ በግቢው ውስጥ ከተደረገው ነገር ጋር የተያያዘ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያነሣነው ነገሩን ለማሞገስ ነው እንጂ ለማጣጣል አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር አስተውለናል። ሰው «የት ተማርክ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚጠራው የመጨረሻውን ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ዩኒቨርሲቲውን ይጠራል፤ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሁለተኛ ደረጃውን ይጠራል። ፊደል ያስቆጠረው፣ እርሳስ አያያዝ ያስተማረው የሰፈሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ሳይጠራ ይቀራል። ስለዚህ ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ብዙ ልጅ አላቸው፤ ትንንሾቹ ብዙ ወልደው የሚጦራቸው ያጡ እናት ሆነዋል።

ምሩቅና የቀድሞ ተማሪ

በዚህ ላይ ሁለት ቃላት አሉ፤ ሰው አንድ አድርጎ ይናገራቸዋል፤ ግን አንድ አይደሉም። «የምሩቃን ማኅበር» የሚባለው ትምህርቱን ጨርሶ የምስክር ወረቀት የተቀበለው ሰው ማኅበር ነው። «የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር» የሚባለው ግን አንድ ዓመትም ይሁን ስምንት ዓመት በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ማኅበር ነው። የመጀመሪያው በር ጠባብ ነው፤ የሁለተኛው ሰፊ ነው።

በእኛ ልጅነት ስድስተኛ ክፍል ላይ አገር አቀፍ ፈተና ነበር፤ «ሚኒስትሪ» እንለው ነበር። ስምንተኛ ላይም እንደዚሁ። ሚኒስትሪ ያለፈ ልጅ እናቱ ቡና አፍልታ ጎረቤት ትጠራለት ነበር። የወደቀው ደግሞ በጓሮ በር ይገባል። ከዚህ ጉባኤ መካከል ብዙዎቻችን ከሚኒስትሪ ወዲህ የቀረን ነን። አንዱ አባቱ ሞቶበት ሊስትሮ ሆነ፤ አንዷ ታናናሾቿን ልታሳድግ ቤት ቀረች፤ አንዱ ፈተናውን አልፎ እንኳ የሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት ሩቅ ስለሆነ ወደ ሥራ ገባ። እነዚህ ሰዎች ምሩቃን አይደሉም። የትምህርት ቤቱ ልጆች አይደሉም ማለት ግን እንዴት ይቻላል?

ሌላም አለ። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የመጀመሪያው ዙር በከተሞች ነበር። በዚያን ጊዜ የሰፈራችን እናቶች ነጠላቸውን አደግድገው፣ ደብተራቸውን በጉያቸው ይዘው፣ ልጆቻቸው በሚማሩበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሀ ሁ ብለዋል። በጣታቸው ይፈርሙ የነበሩት በስማቸው ለመፈረም በቅተዋል። ዛሬ በእድራችን መዝገብ ላይ በእጃቸው የሚፈርሙት አሮጊቶች ፊርማቸውን ከየት አገኙት? ከዚያው ከትምህርት ቤታችን ነው። እንግዲህ እነሱም የቀድሞ ተማሪ ናቸው፤ ማንም ሊከለክላቸው አይችልም።

በሰልስቱ የተጻፈው ወረቀት

ይህን ሐሳብ ከአየር ላይ አላመጣነውም። ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት በሰፈራችን ለረጅም ዘመን ያስተማሩ አንድ መምህር ሲያርፉ ድንኳናችን ሞልቶ ሰው በደጅ ቆሞ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ዘመዶቻቸውም ጥቂት ነበሩ። «ቀብራቸው ጭር ይል ይሆን?» ብለን ሠግተን ነበር። ያልጠበቅነው ሰው መጣ። ታክሲ ነጂው መጣ፤ ነርሷ መጣች፤ ልብስ ሰፊው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ጉልት የምትቸረችረው ሁሉ መጣ። እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። አንዱ ሌላውን «እርስዎንም ያስተማሩዎት እሳቸው ናቸው?» እያለ ሲጠይቅ ሰማን።

በሰልስቱ ዕለት ከለቀስተኞቹ አንዱ ከደብተር ላይ ቅጠል ገንጥሎ «እስቲ እዚህ ያለን የመምህራችን ተማሪዎች ስማችንን እንጻፍ፤ ሁለተኛ እንዳንጠፋፋ» አለ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት እናት ዘንድ ሲደርስ ግን እስክሪብቶውን ይዛ ቆመች። «እኔ እንኳ ከአራተኛ ክፍል ነው የቀረሁት፤ ልጻፍ ወይስ ይቅርብኝ?» አለች።

የተከበራችሁ እድርተኞች፤ ይህች ጥያቄ ናት ዛሬ እዚህ ያቆመችን። ይህች ሴት ልጆቿን ሦስቱንም እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለች። የትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ የምትቀር አይደለችም። ግቢው ሲጸዳ መጥረጊያ ይዛ የምትወጣ እሷ ናት። ታዲያ ስሟን ለመጻፍ ፈቃድ ስትጠይቅ ከእኛ መካከል ዲግሪ ያለው ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ ነበር የጻፈው። ወረቀቱን የጀመረው ሰው «ይጻፉ እንጂ እትዬ፤ ቢሆንማ ከላይ ነበር የሚጻፉት» አላት። ጻፈች። ያ ወረቀት በሁለት ገጽ ሙሉ ስም ይዞ ዛሬ በእድራችን ሣጥን ውስጥ ይገኛል። የቀረው ጥያቄ ወረቀቱ እዚያው ይሙት ወይስ ማኅበር ይሁን የሚለው ነው።

ከትምህርት ቤቱ ምን ወሰድን?

አንዳንድ ሰው «አንደኛ ደረጃ ምን ያስተምራል? ሀ ሁና ደምር ቀንስ አይደለም እንዴ?» ይላል። እውነት ነው፤ እሱው ነው። ነገር ግን እኛ ከሠላሳ ዓመት በላይ እንጀራ የበላነው በዚያው በሀ ሁና በደምር ቀንስ ነው። መምህሩ መሥመር አስይዘው ያስተማሩን ቁም ጽሕፈት በመሥሪያ ቤት የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገብ ላይ አገልግሏል። የብዜት ሠንጠረዥ በቃላችን ስላስያዙን የደመወዝ ሉሕ ስንደምር ማሽን አንጠብቅም ነበር። በግቢው ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ሲደወል መሰለፍና ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት ሰዓት ማክበርን አስተምሮናል። ከዚያ በኋላ የተማርነውን በሥራ ላይ ተማርነው፤ መሠረቱ ግን ያ ነው።

ሌላም ያልተጻፈ ትምህርት አለ። የሀብታም ልጅና የደሃ ልጅ፣ የክርስቲያን ልጅና የእስላም ልጅ፣ የወታደር ልጅና የሸማኔ ልጅ አንድ ወንበር ላይ ለሦስት ተቀምጠን አንድ መጽሐፍ ለሦስት አንብበናል። በዚያ ያልተለያየን ሰዎች በእድርም አንለያይም። እንዲያውም ይህ እድር ሃይማኖትና ብሔር ሳይለይ የቆመው በዚያ ወንበር ላይ ስለተላመድን ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ዛሬ ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው?

መንግሥት ምንም አልሠራም ብለን አንዋሽም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ ፕሮግራም ዘርግቷል፤ የደንብ ልብስና ደብተርም ማቅረብ ጀምሯል። ባዶ ሆዱን ተቀምጦ ሰሌዳው የሚጨልምበትን ልጅ ያየ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል። እኛ በልጅነታችን ይህን አላገኘንም።

ሆኖም የትምህርቱ ነገር የሚያሳስብ ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነ። ሰው ሁሉ ስለ 12ኛ ክፍል ጮኸ። እኛ ግን በመዝገብ ቤት ልማዳችን ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው ገጽ እንገልጣለን። 12ኛ ክፍል የወደቀው ልጅ ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ አንብቦ ይረዳ ነበር ወይ? ይህን የሚመልሰው የሰፈር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ሚኒስቴርም ኅብረተሰቡና የቀድሞ ተማሪዎች ትምህርት ቤቶችን እንዲያድሱ «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ንቅናቄ ጥሪ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሌላው ጉዳይ የሰፈራችን ጉዳይ ነው። መልሶ ማልማት መጥቶ ብዙዎቻችን ተነሥተናል። አንዱ ጀሞ፣ አንዱ አባዶ፣ አንዱ አራብሳ ደርሶታል። የወፍጮ ቤቱ፣ የሻይ ቤቱ፣ የጠላ ቤቱ ቦታ ዛሬ አይታወቅም። የልጅ ልጅ ይዞ መጥቶ «እዚህ ነው የተወለድነው» ብሎ ለማሳየት ሦስት ነገር ብቻ ቀርቶልናል፦ ቤተ እምነቶቻችን፣ እድራችንና ትምህርት ቤታችን። ቤታችን ፈርሶ ሳለ የስማችን ዝርዝር በትምህርት ቤቱ መዝገብ ውስጥ አለ፤ በየትኛው ዓመት እንደገባን፣ የአባታችን ስም፣ ያመጣነው ማርክ ሁሉ አለ። እኛ መዝገብ ቤት የሠራን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ዝናብ የሚያስገባ ጣራ ሥር የተቀመጠ አሮጌ መዝገብ ዕድሜው አጭር ነው። አይጥ ከበላው ደግሞ የሚተካው የለም።

እንዲህ ያሉ ማኅበሮች ለምን ይፈርሳሉ?

ስለ ማኅበር ስንናገር በጎውን ብቻ ብንናገር ተረት ይሆንብናል። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር በጭብጨባ ተቋቁሞ በዝምታ ሲሞት ብዙ ጊዜ አይተናል። ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው።

አንደኛ፣ በእራት ግብዣ ይጀመራል። ካኔቴራ ይታተማል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ኬክ ይቆረሳል። በማግሥቱ ሥራ የለም። ግብዣ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ግን ግብዣ ከሥራ በኋላ ሲሆን ያምራል።

ሁለተኛ፣ አንድ ሀብታም ሰው ሁሉን ይሸከማል። እሱ ሲሰጥ ሌላው ያጨበጭባል። እሱ ሲያኮርፍ ወይም ሲታመም ማኅበሩ አብሮት ይተኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ በር ይዘጋል። «እኛ የእገሌ ዓመት ልጆች» እየተባለ በዓመት ይከፋፈላል፤ ወይም ቪላ ያለውና መኪና ያለው ፊት ይቀመጥና ጉልት ቸርቻሪዋ ከበር ላይ ትመለሳለች። ከሰልስቱ ወረቀት ላይ ስሟን ለመጻፍ የፈራችው እናት የፈራችው ይህንን ነው።

አራተኛ፣ ሒሳብ አይታወቅም። ገንዘብ ተሰብስቦ ደረሰኝ ከሌለው ጠብ ይወልዳል። ወንድማማች የነበሩ ሰዎች ተካሰው ፍርድ ቤት ሲመላለሱ አይተናል።

አምስተኛ፣ ለትምህርት ቤቱ ሳይጠይቁ ይሰጡታል። ትምህርት ቤቱ የጎደለው የመጸዳጃ ቤት በር ሆኖ ሳለ በግቢው በር ላይ የስጦታ ሰጪዎች ስም የተቀረጸበት እብነ በረድ ይተከላል። ስም ይታያል፤ ልጁ ግን አሁንም በር በሌለው መጸዳጃ ቤት ይጠቀማል። በተለይ ለሴት ልጅ ይህ ከትምህርት የሚያስቀር ነገር ነው።

እድር ምን ያስተምረናል?

አሁን ወደዚያ ጥያቄ መጣን፤ «ይህ ለእድር ምኑ ነው?» ወደተባለው።

እኛ የምናውቀው አንድ ጥበብ አለ፤ እሱም ትንሽ ገንዘብ ሳያቋርጡ ማዋጣትና በሰዓቱ መገኘት ነው። እድር በሀብታም አልቆመም። በወር በወሩ በሚዋጣ ትንሽ ብር፣ በጡሩንባ ጥሪ፣ በስም ጥሪና በቅጣት ቆሟል። ቀሪ የሆነ ይቀጣል፤ ሰብሳቢውም ቢሆን። ይህን ያህል ዘመን ድንኳናችን ሳይተከል የቀረበት ለቅሶ የለም። ለሞተ ሰው ይህን ያህል መታመን ከቻልን በሕይወት ላለ ሕፃን እንዴት ያቅተናል?

እስቲ ሒሳቡን እንየው። መቶ ሰው በወር 20 ብር ቢያዋጣ በወር 2,000 ብር፣ በዓመት 24,000 ብር ይሆናል። በዚህ ፎቅ አይሠራም። የተሰበረ ወንበር ግን ይጠገናል፤ የበር ማጠፊያና መቆለፊያ ይገዛል፤ ለመዝገቦቹ የብረት ካቢኔ ይገዛል፤ ለንባብ የሚሆን መጽሐፍ ይገዛል። ገንዘብ የሌለው ደግሞ እጁ አለው። ከአባሎቻችን መካከል አናጢ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ፤ ቧንቧ ሠራተኛ አለ። ጡረተኛ ደግሞ ጊዜ አለው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ሕፃን ማስነበብ ጉልበት አይጠይቅም። አራተኛ ክፍል የደረሰች እናት አንደኛ ክፍል ያለን ልጅ ማስነበብ ትችላለች። ይህን ለማድረግ ዲግሪ አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ የመምህራን ነገር አለ። መምህር ሲሞት እድሩ ይቀብረዋል፤ ይህ አያሳስበንም። ጡረታ ወጥቶ በሕይወት ያለውን መምህር ግን ማን ይጠይቀዋል? በጡረታ አበል ብቻ የሚኖሩ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ መድኃኒት የሚያመላልስላቸው የሌላቸው መምህራን በየሰፈሩ አሉ። በየወሩ ሁለት ሁለት ሰው ተመድቦ አንድ ኪሎ ስኳርና ቡና ይዞ ቢጠይቃቸው ምን ያህል ይከብዳል? በድንኳን ውስጥ «እኔንም አስተምረውኛል» ማለት መልካም ነው፤ እሳቸው እየሰሙ ሲባል ደግሞ ይበልጣል።

ልናደርግ የምንችለው

ስለሆነም ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

ማኅበሩ ከእድሩ የተለየ ይሁን። የእድር ገንዘብ የእድር ነው፤ አንድ ሳንቲም አይነካ። ከእድሩ የምንለምነው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ለስብሰባ ቦታ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የሣጥኑን መደርደሪያ፣ ደግሞም ልምዱን።

ስሙ «የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር» ይባል፤ «የምሩቃን» አይባል። በዚያ ትምህርት ቤት በቀንም ይሁን በማታ፣ በመደበኛም ይሁን በመሠረተ ትምህርት የተማረ ሁሉ አባል መሆን ይችላል። በመዝገቡ ላይ የክፍል ደረጃ የሚጻፍበት ረድፍ አይኑር። ስም፣ የአባት ስም፣ የተማረበት ዘመን፣ አድራሻና ሙያ ይበቃል። ያስተማሩና ያገለገሉም፣ ዘበኛውና የጽዳት ሠራተኛዋ ጭምር፣ የክብር አባል ይሁኑ።

ሦስት ደብተር ይኑረው፦ የስም መዝገብ፣ የቃለ ጉባኤ መዝገብና የሒሳብ መዝገብ። ገንዘብ ያለ ደረሰኝ አይቀበል። ለትምህርት ቤቱ ዕቃ ሲሰጥ ንብረት ክፍሉ በሞዴል 19 ገቢ አድርጎ ቅጂውን ይስጠን። ያለዚያ የሰጠነው ወንበር የማን እንደሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያውቅ አይገኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 404 ማኅበርን ሲተረጉም ትርፍ ለማግኘትና ለመከፋፈል ያልቆመ የሰዎች ስብስብ መሆኑን ያሳያል፤ እኛም ከዚህ አንወጣም። የምዝገባውን ነገር ሕግ ከሚያውቁ አባሎቻችን ጋር እንነጋገርበታለን።

የሚሠራው ሥራ በየዓመቱ ከርእሰ መምህሩና ከወላጅና መምህር ኅብረቱ ጋር ተነጋግሮ ይወሰን። የትምህርት ቤቱን ሥራ እንርዳ እንጂ ትምህርት ቤቱን አንምራ። «እኛ በተማርንበት ዘመን እንዲህ ነበር» እያልን መምህራኑን ብናስቸግር ከመርዳት መጉዳት ይሆናል። በእኛ ዘመን አለንጋም ነበር፤ እሱ ይመለስ አንልም።

አስቀድመን የሰማናቸው ጥያቄዎች

ይህን ሐሳብ በየቤቱ ስንመክርበት ሦስት ጥያቄ ተነሥቷል።

«ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ይሥራው» ያሉ አሉ። መንገዱም የመንግሥት ነው፤ ቢሆንም ደጃችንን እንጠርጋለን። መምህር መቅጠርና ሕንፃ መሥራት የመንግሥት ነው። አሮጌ መምህር መጠየቅና ሕፃን ማስነበብ ግን በጀት አይያዝለትም፤ የእኛው ነው።

«ሰፈሩን ለቀናል፤ ልጆቻችንም ሌላ ቦታ ነው የሚማሩት፤ ምን አገባን?» ያሉ አሉ። ነገር ግን ሰፈሩን ከለቀቁ በኋላ እድሩን አልለቀቁም። ሁለት ታክሲ ይዘው ለቅሶ ይደርሳሉ። ለምን? ያወቃቸው፣ ያሳደጋቸው ሰው እዚህ ስላለ ነው። ትምህርት ቤቱም አውቋቸዋል፤ አሳድጓቸዋል። ደግሞም ዛሬ በወንበራችን ላይ የተቀመጡት ልጆች የሰው ልጆች ናቸው፤ የእኛ ልጆች በሄዱበት ሰፈርም የሚቀበላቸው ሌላ ሰው አለ።

«ከስድስተኛ ክፍል የቀረ ሰው ምን ክብር አለው፤ ትልልቅ ሰዎች ይምሩት» ያሉም አሉ። ይህን ያሉት ራሳቸው ከስድስተኛ የቀሩ ናቸው፤ ስለዚህ በፍቅር እንመልሳለን። ትልልቆቹ ይምጡ፤ ደስ ይለናል፤ ከእኛ መካከል ዶክተርና መሐንዲስ አለ፤ እንፈልጋቸዋለን። ዳሩ ግን እነሱ ሌላ የሚጠሩት ትምህርት ቤት አላቸው። ሁለተኛ ደረጃው አለ፤ ኮሌጁ አለ፤ ውጭ አገር የተማሩበት አለ። ከስድስተኛ ለቀረ ሰው ግን ያለው ትምህርት ቤት ይኸው አንዱ ነው። «የት ተማርክ?» ሲባል የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ብዙ እናት ያለው አንዷን ቢረሳ ሌላዋ ትተርፈዋለች፤ አንዲት እናት ብቻ ያለው ከረሳት ምን ይቀረዋል? ስለዚህ ይህን ማኅበር ለማቆም ከሁሉ ይልቅ ምክንያት ያለን እኛ ነን።

የተከበራችሁ እድርተኞች፤ ንግግራችንን እዚህ ላይ እናበቃለን። ከስብሰባው በኋላ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ አዲስ መዝገብ ይቀመጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች በሰልስቱ ዕለት ከተጻፈው ወረቀት የተገለበጡ ናቸው፤ ከሦስተኛው ገጽ ጀምሮ ባዶ ነው። ተሰልፋችሁ ጻፉ። መጻፍ የደከመው እኛ እንጽፍለታለን። ዓይነ ስውር የሆኑ አባቶች ስማቸውን ይንገሩን። ከሩቅ የመጣችሁ ታክሲ ሳይመሽባችሁ አስቀድማችሁ ጻፉ። «እኔ እንኳ ይህን ያህል ክፍል ነው የቀረሁት» የሚል ማብራሪያ አያስፈልግም፤ አንጠይቅም።

የመጀመሪያው ስብሰባ በመጪው ወር የእድሩ ስብሰባ በሚውልበት እሑድ፣ ከእድሩ ስብሰባ ቀጥሎ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ይሆናል። ርእሰ መምህሩ ፈቅደውልናል፤ እናመሰግናቸዋለን።

ያስተማሩንን ያረፉትን ነፍስ ይማርልን፤ ያሉትን ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እድራችንን ያጽናልን። ልጆቻችንን ያሳድግልን።